የውሻ ዘር ቆጣሪዋ

ጣሊያን ጠመንጃችንን ለቅሞ በወሰደ በዓመቱ የቀወት ሰው ሁሉ ውሻ ፈላጊ ሆነ። ድሮ ውሻዬ ስትጮህ ድንጋይ ይወረውርባት የነበረው ሁሉ፣ ከርከሮ ማሽላውን ሲያወድምበት፣ ጅብ በረቱን ሲደፍረው፣ ደጄን ይጠና ጀመር። የኔ ውሻ ደህና ዘር ነበረች። ቡችሎቿን በአንድ ቁና እህል እለውጣለሁ፤ ግን ለመጣ ሁሉ አልሰጥም።

አስቸጋሪ ሴት ነበርኩ፣ አልክድም። ሁለት ወር ሳይሞላው ከእናቱ ጡት አይነጠልም እላለሁ። ኃይለኛ እንዲሆን ብላችሁ ሚጥሚጣ ብታበሉት መጥቼ እወስደዋለሁ እላለሁ። ሴቷን ገደል የሚጥል ሰው ወንዱን ከኔ አያገኝም። ዓይኑን ገና የገለጠ ቡችላ ካልሰጠሽኝ ብሎ የሞገተኝን አንድ ሽማግሌ በዘነዘና ከደጄ አባርሬዋለሁ፤ ዛሬም አይቆጨኝም። ከሁሉ በላይ ግን ወንድምና እህት ለአንድ ቤት አልሰጥም። እኛ ልጅ ስንድር እስከ ሰባት ቤት እንቆጥር የለም እንዴ? ውሻስ ከገዛ ወንድሟ ወልዳ ምን ሊወጣት ነው? ይህን ስል ሰው ይስቅብኛል። "የውሻ ዘር ቆጣሪዋ" የሚል ስም አወጡልኝ። ይበሉ፣ ግድም አልነበረኝ።

አንድ ቀን የመንገድ ሥራው ካቦ መጣ። ጣሊያን ወደ ጣርማ በር መንገድ ሲያወጣ ሠራተኛውን በአለንጋ የሚነዳ የራሳችን አገር ሰው ነው፤ ገና ሳየው ደሜ ይፈላል። ከሁለት ሳምንት በፊት ወንዱን ቡችላ ወስዷል። አሁን ደግሞ እህቱን ፈለገ።

"ለማን ነው?" አልኩት።

"አጣዬ ላለችው አክስቴ ነው፣ እትዬ።"

አጣዬ አክስት የለችውም። የእናቱንም የአባቱንም ወገን ጥርት አድርጌ አውቃለሁ። ይህን ልነግረው አፌን ስከፍት ከከረጢቱ ሁለት አሞሌ ጨው አውጥቶ መደቡ ላይ አስቀመጠ። ጨው ከጠፋ ወራት አልፎታል፤ ልጆቼ ወጡን ፊታቸውን አጨማደው ነበር የሚውጡት። ሌላ ቃል ሳልተነፍስ ቡችላዋን አንስቼ ሰጠሁት። ጨውን ጓዳ ደበቅኩት፤ ለጎረቤት እንኳ አላሳየሁም።

በዓመቱ ካቦው ሸዋ ሮቢት ገበያ "ከውሻ ዘር ቆጣሪዋ ቤት ናቸው" እያለ ቡችላ ይለውጥ ጀመር። ወሬውን ስሰማ ወንድሙንና እህቱን እንዳዋለደ ገባኝ። ገበያ ወጥቼ አትውሰዱ ማለት ነበረብኝ፤ ግን ለምን ሰጠሽው ቢሉኝስ? ቤቴ ቁጭ አልኩ።

ከነዚያ ቡችሎች አንዱን፣ ነጩን፣ ባሏ ዱር የገባ አንዲት ሴት ወሰደችው። ሦስት ልጆቿን የምታሳድገው በአራት ፍየሎች ወተት ነበር። ውሻው አድጎ ሲታይ ደንቆሮ ነው፤ ጆሮው ሥር ቢያጨበጭቡ አይዞርም። ሌላ ውሻ ከየት ታምጣ? ጅብ በረቱን ጥሶ አራቱንም ፍየሎች ሲጨርስ እሱ በሩ ላይ ተጋድሞ ነበር።

በማግስቱ እኔ ዘንድ መጣች። ግቢ ብላት እንቢ አለች።

"ሰው ሁሉ ከእርስዎ ቤት የወጣ አይታማም ሲል አምኜ ነው፣ እትዬ" አለችኝ። "ውሻው የደነቆረው ካቦው ወንድምና እህት አዋልዶ ነው አሉኝ። እያወቁ ነው ሁለቱንም የሰጡት? ልጆቼ አሁን ምን ሊበሉ ነው?"

እውነቷን ስለነበር ጠላኋት። ፊቷ ላይ ጮህኩባት። እኔ ወንድምና እህት ለአንድ ሰው ሰጥቼ አላውቅም፤ ያ ባንዳ ስሜን እያጠፋ ነው፤ ሂጂና እሱን ጠይቂው አልኳት። ባሏ ዱር የገባ ሴት በካቦው ደጅ ቆማ መጠየቅ እንደማትችል ሁለታችንም እናውቃለን።

ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። አመነችኝ።

"በሰው ወሬ ተነድቼ ነው፣ ይማሩኝ" አለችና ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ሳመች። አላነሳኋትም። እስክትጨርስ ቆሜ ጠበቅኳት።