በሐጃ ሉጥፊያ ፈንታ

ዘሊካ ሰው ንቃ አትጠግብም። ባቲ ተወልዳ፣ በድርቁ ዘመን በሑመራ አድርጋ ገዳሪፍ የገባች፣ ከገዳሪፍም ካርቱም የወረደች ሴት ናት። ከአገሯ ስትወጣ ባል ነበራት። ገዳሪፍ ላይ ባልየው «ሥራ ላፈላልግ» ብሎ እንደወጣ ቀረ። ሌላ ሴት ብትሆን ታለቅስ ነበር፤ ዘሊካ ግን «ድሮስ ሥራ መፈለግ መች ያውቅበታል?» ብላ ጓዟን ጠቀለለች። ከዚያ ወዲህ ስሙን አንስታ አታውቅም። ሰው በተስፋ ይኖራል ይባላል፤ እሷ ግን ቤታቸውን የምታጸዳላቸውን ሰዎች በሆዷ እየናቀች ኖረች፤ ደግሞም ተስማማት።

የነዳጁ ገንዘብ ካርቱም መግባት በጀመረበት ሰሞን አል-ማንሺያ፣ ከዓባይ ዳር ካሉት ትልልቅ ቤቶች በአንዱ ተቀጠረች። ባለቤቱ ሐጅ ሙሄዲን የሲሚንቶና የብረት ነጋዴ ናቸው። ሚስታቸው ሐጃ ሉጥፊያ ትባላለች። ግቢውን የሚጠብቀው ተሰማ የጎንደር ሰው ነው፤ መንግሥት ሲለወጥ በመተማ ሸሽቶ የመጣ የድሮ ወታደር። ዘሊካ ተሰማንም ትንቀዋለች። ምክንያት ካስፈለገ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ደመወዝ ስለሚበላ ነው።

ሐጃ ሉጥፊያ ግን ለንቀት የተፈጠረች ሴት ነበረች። ውሃው አጠገቧ ተቀምጦ፣ ውሃ የሚያቀብላት ሰው ትጠራለች። ሶፋው ላይ ተዘርግታ የቴሌቪዥን ድራማ ታያለች፤ ጭኗ ላይ ባስታ የሚሉት የማር ጣፋጭ ሳህን አይጠፋም፤ ማሩ በጣቶቿ መሀል ሲወርድ ትልሰዋለች። ሱክሪ ያዛት። ሱክሪ ሱዳኖች የስኳር በሽታን የሚጠሩበት ስም ነው፤ ዘሊካ ስሙን ስትሰማ «ሲያንሳት ነው» አለች፤ በአማርኛ፣ ለመስኮቱ።

ዶክቶሩ ተቆጣ። ጣፋጩን እንድትተው፣ ጧት ጧትም ፀሐይ ሳትበረታ በእግሯ እንድትሄድ አዘዘ። ሐጅ ሙሄዲንም «እስከ ረመዳን ሳታቋርጪ ከሄድሽ ካይሮ እህትሽ ዘንድ እወስድሻለሁ፤ ካልሄድሽ ግን ወላሂ ከዚህ ሶፋ አትነቃነቂም!» ብለው ማሉ። ሐጃ ሉጥፊያ ነጭ የስፖርት ጫማ አስገዛች። ውሻ ስለምትፈራም ዘሊካ በትርና ውሃ ይዛ እንድትከተላት ታዘዘች።

«ምን ሲደረግ?» አለች ዘሊካ ለተሰማ። «በባዶ እጅ ሄዶ በባዶ እጅ መመለስ! እኛ አገር ሰው የሚሄደው የሚደርስበት ቢኖረው ነው። ሰኞ ባቲ ገበያ የምሄደው ጨው ልሸጥ እንጂ እግሬን ላናፍስ ነበር?»

«ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል ይባል የለም?» አለ ተሰማ።

«አንተስ ምን ቀደህ ምን ትሰፋለህ?» ብላው ገባች።

በመጀመሪያው ጧት ሐጃ ሉጥፊያ እስከ ጎረቤት በር ድረስ ሄደች። እዚያ የሰው ዘበኛ ከወንበሩ አስነስታ ተቀመጠች፣ ውሃዋን ጠጣች፣ ተመለሰች። በሁለተኛው ጧት ወንበሩ ቀድሞ ወጥቶ ጠበቃት። ሳምንቱ ሳያልቅ እዚያ በር ላይ ሻይ ይፈላላት ጀመር፤ በስኳር። ዘሊካ በትሯን ይዛ ቆማ «ይቺም መንገደኛ ተባለች» እያለች በሆዷ ትስቃለች።

በቀጣዩ ሳምንት አንድ ማታ ሐጃ ሉጥፊያ ዘሊካን ወደ ጓዳ ጠራቻት።

«ያ ዘሊካ፣ እስቲ ቁሚ። ቁመትሽ እንደ እኔ ነው።»

«ቁመቴስ ነው። ወርዴ ግን አይደለም፣ ሐጃ።»

«ቶቡ ይሸፍነዋል» አለች ሐጃ ሉጥፊያ። ቶብ የሱዳን ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚጠቀለሉት ሰፊ ስስ ልብስ ነው። «ሐጅ ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሰገነቱ ላይ ሻይ ሲጠጣ መነጽር አያደርግም። ቶቤን ለብሰሽ ትወጫለሽ፤ እስከ ጡብ ማቃጠያው ደርሰሽ ትመለሻለሽ። ከጠራሽ እጅሽን አንሺ እንጂ አትናገሪ።»

«እርስዎስ?»

«እኔ አንቺ አልጋ ላይ ትንሽ ጋደም እላለሁ።»

ዘሊካ በዕድሜዋ ብዙ ጉድ አይታለች። የሰው ልጅ አሳድጋለች፣ የሰው አሮጊት አጥባለች። በሰው ፈንታ ስፖርት መሥራትን ግን ሰምታም አታውቅም። እንቢ ልትል አፏን ከፈተች፤ ወዲያው ግን የገመድ አልጋዋ በሐጃ ሉጥፊያ ክብደት ሲንቋቋ ታያትና ሳቋ መጣ። «ኢንሻላህ» አለች።

በማግስቱ ቢጫውን ቶብ ተጠቅልላ በበሩ ስትወጣ ተሰማ ከወንበሩ ተነስቶ ሰላምታ ሰጠ።

«እንደምን አደሩ፣ ሐጃ!»

«ዝም በል፣ የማትረባ» አለችው ከቶቡ ውስጥ።

ከሰገነቱ ላይ የሐጅ ሙሄዲን ድምፅ መጣ። «ማሻአላህ፣ ያ ሉጥፊያ! በርቺ!»

እጇን አነሳች። ዓይኑ ሚስቱን ከሠራተኛው የማይለይ ሰው ብረት ሲሸጥ እንዴት አይታለል ይሆን እያለች ሄደች።

እንዲህ እያለ ክረምቱ ወጣ። ዘሊካ መጀመሪያ እየተጎተተች ነበር የምትሄደው፤ ለሰው ተብሎ የሚወጣ ላብ ምኑ ይናፍቃል? ነገር ግን የወንዙ ነፋስ ደስ ይላል። ደግሞ ሰፈሩ ገና አልነቃምና የሚያዛት የለም። ከተወለደች ጀምሮ እንስራ፣ ልጅ፣ ዘንቢል ወይም የልብስ ክምር ሳትሸከም የሄደችበትን ቀን አታስታውስም ነበር። አሁን ሁለት እጇ ባዶ ነው፤ መጀመሪያ ላይ የት እንደምታስቀምጣቸው እንኳ አታውቅም ነበር። ደረጃ በወጣች ቁጥር የሚንቋቋው ጉልበቷ ዝም አለ። ሌሊት እንቅልፍ ይወስዳት ጀመር። ይህን ሁሉ ለማንም አልተናገረችም፤ ብትናገር ሐጃ ሉጥፊያን የመናቅ መብቷ የሚጎድልባት መሰላት።

ዓርብ የዕረፍት ቀኗ ነው፤ የ«ሐጃ»ም መንገድ ያን ቀን ያርፋል፤ ሐሙስ ማታ አርካዊት ወደሚባለው ሰፈር ሄዳ ታድራለች። እዚያ፣ ሱቅ ዐረቢ በሚባለው ገበያ ሻይ ከምትሸጠው ከጸሐይወርቅ ጋር ቤት ተከራይተዋል። አንድ ዓርብ ጎህ ሳይቀድ ነቅታ ጫማዋን ስታጠልቅ ጸሐይወርቅ ከአልጋዋ ብድግ አለች።

«በእመቤቴ! ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም። ተኚ።»

«ታዲያ የት ነው?»

ዘሊካ በሩን ዘግታ ወጣችና ባዶውን ጎዳና ይዛ ስትገሰግስ «እንግዲህ አንቺም ጠገብሽ!» ብላ ራሷን ሰደበች። ግን አልተመለሰችም።

በቤት ውስጥ ሐጅ ሙሄዲን አንድ ነገር ግራ ያጋባቸው ጀመር። ቁርስ ላይ ሚስታቸውን ትክ ብለው ያዩና «ሉጥፊያ፣ ከሰገነት ሳይሽ ከስተሻል። እዚህ ስትቀመጪ ደግሞ ያው ነሽ። ነገሩ ምንድን ነው?» ይላሉ።

«ሶፋው ነው የሚያወፍረኝ» ትላለች ሐጃ ሉጥፊያ ፉሉን በዳቦ እየጠረገች። ዘሊካ ሳህኑን ይዛ ወደ ማድ ቤት ሮጣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ በሳቅ ትንፈራፈራለች።

ሐጅ ሙሄዲን የሚስታቸውን ጉብዝና በየመደብሩ ማውራት ጀመሩ። «የእኔ ሚስት እንደ ወታደር ነው የምትሄደው» ይላሉ። አንዱ ነጋዴ «አንተስ?» ቢላቸው ጊዜ ደነገጡ። በማግስቱ ጧት ለማንም ሳይናገሩ ጀለቢያቸውን እንደለበሱ፣ ሸበጣቸውን አጥልቀው ቶቡን ተከትለው ወጡ። ተሰማ በሩ ላይ ሳል አብዝቶ ነበር፤ ዘሊካ ግን ርቃለች።

ከኋላዋ የሸበጥ ድምፅ ሰማች። ጧ፣ ጧ፣ ጧ።

«ያ ሉጥፊያ! ቆይ! አብረን እንሂድ!»

ዘሊካ እጇን አነሳችና ፈጠነች። ሸበጡም ፈጠነ። «ያ ሉጥፊያ!» የአትክልቱን ማሳ አለፈች። የጡብ ማቃጠያው ጋ ስትደርስ ሸበጡ ሲጎተት ይሰማታል፤ ትንሽ ቆይቶ ጠፋ። ዞር አለች። ሐጅ ሙሄዲን ከመንገዱ ዳር የጡብ ክምር ላይ ተቀምጠው ደረታቸውን ይዘዋል፤ ጥምጣማቸው ወድቋል።

«ሊሞቱ ነው እንዴ ደግሞ» አለች። «ቢሞቱ የሚታሰረው ማን ነው? ሐበሻዪቱ ናታ።» ተመለሰችና ፊቷን እንደሸፈነች እጃቸውን ይዛ ልታነሳቸው ሞከረች። ሐጅ እጇን ያዙ፤ መዳፏን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት። የዓመታት ሳሙናና በረኪና የበላው መዳፍ ነው።

«ይህ የሉጥፊያ እጅ አይደለም።»

«አይደለም፣ ሐጅ።»

«ሉጥፊያ የት ናት?»

«ተኝታለች።»

«የት?»

«እኔ አልጋ ላይ።»

ዘሊካ ስድቡን፣ ምናልባትም ጥፊውን ትጠብቃለች። እሳቸው ግን ጥምጣማቸውን አንስተው አቧራውን አራገፉ።

«እንዳወቅሁ አትንገሪያት» አሉ። «ደግሞ ልይዝሽ እንዳልቻልኩ ለማንም አትናገሪ።»

«ታዲያ ነገ ልቅር?»

«ለምን ትቀሪያለሽ? ሰፈሩ ሁሉ ሐጃ ሉጥፊያ ትሄዳለች ብሎ ያውቃል። ሂጂ እንጂ።»

ዘሊካ እንግዲህ ንቀቷን ለሁለት አካፈለችው። ሚስቲቱ ባሏን ታታልላለች፤ ባልየው ደግሞ አውቆ ይታለላል። በየጧቱ ሰገነቱ ላይ «ማሻአላህ፣ ያ ሉጥፊያ!» ማለታቸውን አልተዉም፤ እሷም እጇን ታነሳለች። ረመዳን ደረሰ፣ ካይሮም ተሄደ፣ ተመጣ።

ከካይሮ በተገዛ ጠባብ ጫማ የሐጃ ሉጥፊያ የእግር ጣት ቆሰለ። ሱክሪ ያለበት ሰው ቁስል ቶሎ አይሽርም። ሽቶ ነፋችበት፣ ካልሲ አለበሰችው፤ ሽታው ሲብስ ሐኪም ቤት ተወሰደች። ዘሊካ ቦርሳ ይዛ ቆማ ነበር።

«በየቀኑ የምትሄድ ሴት እግር እንዲህ አይሆንም» አለ ዶክቶሩ። «እውነት ትሄድ ነበር?»

ሐጅ ሙሄዲን «ወላሂ ትሄዳለች። በዓይኔ አያታለሁ» አሉ።

ጣቱ ተቆረጠ።

ከዚያ በኋላ በየማታው እግሯን የምታጥበው ዘሊካ ነበረች። በፋሻው ዙሪያ ያለውን ለብ ባለ ውሃ ቀስ እያለች ትዳብሰዋለች። እግሩ ትንሽ ነው፤ ተረከዙ እንደ ሕፃን ለስላሳ፣ መሬት ረግጦ የማያውቅ። ሐጃ ሉጥፊያ ወደ ግድግዳው ዞራ ታለቅሳለች። ዘሊካ የምትለው ነገር ልታዘጋጅ ትሞክራለች፤ ያን እግር መናቅ ግን አቃታት።

አንድ ማታ ሐጃ ሉጥፊያ እግሯን ከእጇ መነጨቀች።

«ጤናዬን አንቺ ሄድሽበት!» አለች። «የእኔን መንገድ ነው የሄድሽው! ጉልበትሽን እዩት፣ ፊትሽን እዩት፣ ሁሉም የእኔ ነው!»

ዘሊካ ብድግ አለች። «ታዲያ ጣቱንም እኔ ልቆረጥልዎት ኖሯል?» ብላ ጮኸች።

ሐጃ ሉጥፊያ «ውጪ! ከቤቴ ውጪ!» አለች።

ዕቃዋን ሰብስባ በሩ ላይ ስትደርስ ተሰማ ፌስታሏን ተቀበላት። «ያልሽውን ሰምቻለሁ» አላት። «ደግነቱ በአማርኛ ነው ያልሽው። እሷ አንዱንም አልሰማችም።»

ዘሊካ ቆመች። እውነትም በአማርኛ ነበር። ሃፍላ በሚሉት አነስተኛ አውቶቡስ ተሳፍራ አርካዊት እስክትደርስ ድረስ፣ ሴትዮዋ ባለመስማቷ ትናደድ ወይ ትደሰት እንደሆነ አልለይላት አለ።

ሁለት ወር ያህል ሥራ ፈታ፣ አርካዊት ውስጥ አንዲት አስተማሪ ቤት የቀን ሥራ አገኘች። ሥራው የሚጀምረው ጧት ነው። እሷ ግን ከዚያ በፊት ተነስታ፣ ማንም ሳያዛት፣ የራሷን ቀሚስ ለብሳ፣ እስከ አስፋልቱ ጫፍ ደርሳ ትመለሳለች። ሪክሻ የሚሉት የባጃጅ ነጂዎች መጀመሪያ ላይ «ሐበሽያ፣ ማን አባረረሽ?» ይሏት ነበር። «እናንተ በእግራችሁ ፈንታ ጎማ የገጠማችሁ!» ትላቸዋለች። ኋላ ላይ ለመዷት።

በክረምቱ መግቢያ ጸሐይወርቅን ወገቧን አመማት። ቀኑን ሙሉ ከሰል ላይ አጎንብሳ ስለምትውል ነው። አንድ ጧት ጫማዋን ይዛ በሩ ላይ ጠበቀቻት።

«እኔም ልምጣ?»

ዘሊካ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ወሬ ልታወሪ ከሆነ ተኚ።»

«አላወራም።»

ወጡ። ከማዕዘኑ ሱቅ ሳይደርሱ ጸሐይወርቅ ወገቧን ይዛ ቆመች። «ኧረ እህቴ፣ ቀስ በይ! ምን ያስሮጥሻል?»

ዘሊካ «ኤዲያ! ይሄም መሄድ ሆኖ!» አለችና እርምጃዋን ሳትቀንስ አለፈች። ጸሐይወርቅ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ፣ ወደ ቤት፣ አየች። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና እያጉረመረመች ተከተለቻት።