ያልታየው ዲስክ

ኮምፒውተር ጠጋኙን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «ቆይ ቆይ» በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጣለት ከጎኑ ባለው ሱቅ ቁልፍ የሚቀርጸው ጎረቤቱ ነው። ምክንያቱን መጠየቅ አያስፈልግም፤ ጠጋኙ ለምንም ነገር የመጀመሪያ መልሱ «ቆይ» ነው። ላፕቶፕ ያመጣ ደንበኛ ማብሪያውን ሊጫን እጁን ሲሰድ «ቆይ»፤ ሶኬቱን ሊሰካ ሲል «ቆይ ቆይ»። ሚስቱማ በሠርጋችን ቀን እሺ ከማለቱ በፊት ቆይ ብሏል እያለች ታማዋለች። እሱም አያስተባብልም።

ሱቁ ከአንድ ፎቅ ደረጃ ሥር የገባች ጠባብ ክፍል ናት። ጣሪያዋ ወደ ውስጥ እየወረደ ስለሚሄድ ዘለግ ያለ ሰው ጥጉ ጋ ሲደርስ አንገቱን ይደፋል። በጠረጴዛው ላይ አረንጓዴ የጎማ ምንጣፍ ተነጥፏል። በስተቀኝ የእንቁላል መያዣ ካርቶን አለ፤ በየጎድጓዳው ብሎኖች ተቀምጠዋል። የላይኛው ረድፍ የክዳን ብሎን ነው፤ የመካከለኛው የባትሪ ነው፤ የታችኛው ደግሞ የማን እንደሆነ እግዜር ብቻ የሚያውቀው። ሰው ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ከላይ ዱካው ይሰማል። ጠጋኙ ከዱካው ማን እንደሆነ መለየት ከጀመረ ቆይቷል።

በወጣትነቱ በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ጥገና ክፍል ውስጥ ተቀጥሮ ነበር። የጽሕፈት መኪና ሲቀር ክፍሉም ቀረ። የሥራ ባልደረቦቹ በየፊናቸው ሲበተኑ እሱ ወደ መሥሪያ ቤቱ የመጡትን አዳዲስ ኮምፒውተሮች በዚያው በለመደው ወግ መፍታትና መግጠም ጀመረ። ወጉ እንዲህ ነው፦ የተበላሸ ዕቃ ሲመጣለት ክዳኑን ከመንካቱ በፊት ባለቤቱን ያስቀምጥና «መጨረሻ የነካው ማነው?» ብሎ ይጠይቃል።

መልሱ ሁልጊዜ «ማንም» ነው።

«ይሄን ማንም የሚባል ሰውዬ አንድ ቀን እይዘዋለሁ» ይላል ጠጋኙ። «የዚህን ሰፈር ዕቃ የጨረሰው እሱ ነው።»

ሁለተኛ ወግም አለው። ምንም ነገር ከመንካቱ በፊት የሰውየውን ፋይል ወደ ራሱ ተንቀሳቃሽ ዲስክ ይገለብጣል። ቅጂውንም ሥራው እስኪያልቅ ከማሽኑ አይነቅለውም። ድሮ አንድ ደንበኛ ቅጂውን «እኔው ልያዘው» ብሎ በሸሚዝ ኪሱ ከተተው፤ ሸሚዙም ከነኪሱ ልብስ ማጠቢያ ገባ። ከዚያ ወዲህ ጠጋኙ «ቅጂ ከዓይኔ አይርቅም» እያለ ዲስኩን እንደሰካው ይሠራል። በዚህ ወግ ተጎድቶ አያውቅም ነበር፤ የእህቱ ላፕቶፕ እስኪመጣ ድረስ።

ታላቅ እህቱ ልብስ ሰፊ ናት። የምትሰፋው ደግሞ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ልብስ ለማይሆናቸው ሰዎች ነው፤ ጀርባው ለጎበጠ፣ አንድ እግሩ ለሚያጥር፣ ደረቱ ወደ አንድ ወገን ላዘነበለ። «ልብስ ሰውን ይከተል እንጂ ሰው ልብስን አይከተልም» ትላለች። ለእያንዳንዱ ደንበኛ ጨርቁ የሚቆረጥበትን ፓተርን በኮምፒውተር ትስላለች። አንዱ ፓተርን እስኪስተካከል ሰውየው ደጋግሞ መጥቶ ይለካል፣ ይሰፋለታል፣ ይተረተራል፣ እንደገና ይሰፋለታል። የድሮዎቹን የወረቀት ፓተርኖች ጣሪያ አፍስሶ አበስብሷቸዋል። ስለዚህ የዕድሜ ልክ ሥራዋ ያለው እዚያ ላፕቶፕ ውስጥ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ላፕቶፑን በጨርቅ ቦርሳ ይዛ ገባች።

«እታለም፣ በደህና?»

«ምን ደህና አለ! ያዝ ይሄን ግንድ።»

«ምን ሆነ?»

«ፕሪንት አድርግ ስለው ራሴን ላድስ ይላል። አድሶ ሲነሳ ደግሞ የት እንደነበርን ረስቶታል። ያ ስትሰብከኝ የከረምከውን፣ ያለ ክፍያ የሚገኘውን ነጻውን ሲስተም ጫንልኝ።»

«ዛሬ ምን ተገኘና?»

«ሹፌሩ ሴት ልጁን ሊድር ነው።»

ሹፌሩን ጠጋኙ ያውቀዋል። ከባድ መኪና ነጂ ነው፤ በአንድ አደጋ ግራ ትከሻው ወርዶ ቀርቷል። ከሱቅ የገዛው ኮት ሁሉ በአንድ ጎኑ ተንጠልጥሎ ያሳፍረው ነበር። እህቱ ብዙ ደክማ ለትከሻው የሚስማማ ፓተርን አውጥታለታለች። አሁን መንገድ ላይ ነው፤ የሚመለሰው ሠርጉ ሲደርስ ነው። ኮቱ ያኔ ተሰፍቶ መጠበቅ አለበት። ፓተርኑ ከሌለ የሚለካ ሰውም የለም።

ጠጋኙ ማንንም ቢሆን «መጨረሻ የነካው ማነው» ሳይል አያልፍም፤ እህቱን ግን አልጠየቃት። ታናሽ ወንድም ታላቅ እህቱን እንዲህ ብሎ ቢጠይቅ የሚከተለውን መልስ ያውቀዋል። ፋይሎቹን ገለበጠ። ፓተርን የምትስልበት ፕሮግራም በነጻው ሲስተምም እንደሚሠራ አስቀድሞ አጣርቷል። ከዚያ አዲሱን ሲስተም የያዘውን ፍላሽ ሰክቶ ላፕቶፑን አስነሳ። የቅጂው ዲስክ እንደ ወጉ በጎኑ እንደተሰካ ነው።

እህቱ ከጎኑ ተቀምጣ የሱሪ ጫፍ መስፋት ጀመረች። ባዶ እጇን መቀመጥ አታውቅበትም።

«የእማማን ሬዲዮ ፈተህ ብሎን ተረፈኝ ያልከው ትዝ ይልሃል?»

«ብሎን ቢተርፍም ሬዲዮው ሠርቷል።»

«ሠራ ይላል እንዴ! አንድ ጣቢያ ብቻ ነበር የሚይዘው።»

«እማማ የምትወደውን ጣቢያ ነዋ።»

አዲሱ ሲስተም በየትኛው ዲስክ ላይ ልጫን ብሎ ጠየቀ። ዝርዝሩ ላይ አንድ ዲስክ ብቻ አለ። የእህቱ ላፕቶፕ ያለው አንድ ዲስክ ነው፤ የታየውም አንድ ነው። ጠጋኙ እየሳቀ «ሁሉንም አጥፍተህ ጫን» የሚለውን ተጫነ።

ወዲያው በቅጂው ዲስክ ላይ ያለችው ሰማያዊ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች።

«ቆይ» አለ ጠጋኙ። በዚህ ጊዜ ግን የሚቆይለት አልነበረም። ገመዱን መንጭቆ ሲነቅለው የሚጠፋው ጠፍቶ ነበር። በዝርዝሩ ላይ የታየው አንድ ዲስክ የእሱ የራሱ ነው። የእህቱን ዲስክ ሲስተሙ ጭራሹን አላየውም።

ሊደብቃት ይችል ነበር፤ እሷ ዓይኗ መርፌው ላይ ነው። ግን ፊቱን ከልጅነቱ ጀምሮ እንደ መጽሐፍ የምታነበው ሴት ናት።

«እታለም፣ ቅጂውን አጠፋሁት።»

«የቱን ቅጂ?»

«የፓተርኖችሽን።»

መርፌዋን ከአንገት ልብሷ ላይ ሰካችው። «ዋናውስ?»

«ዋናውን ሲስተሙ አያየውም።»

«አያየውም ማለት የለም ማለት ነው?»

ጠጋኙ ይህን ገና አላወቀም። ዲስኩ በዚህች ቅጽበት ሞቶ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለ ነገር በሱቁ ታይቷል። ደግሞ ደህና ሆኖ ሳለ የተሰወረም ሊሆን ይችላል። የሁለቱ ልዩነት የሹፌሩ ኮት ብቻ አይደለም። የጎባጣዋ ሴት ቀሚስ፣ የእግረ አጭሩ አስተማሪ ሱሪ፣ የእህቱ ዓይን ያለቀበት ሥራ ሁሉ ነው።

ቁልፍ ቀራጩ አንገቱን በበሩ አሰገገ። «ምነው ድምፃችሁ ጠፋ? ተጣላችሁ እንዴ?»

«የእህቴ ዲስክ ጠፍቶ ነው።»

«እዚሁ ተቀምጦ? እኔ ጋ ቁልፌ ጠፋ ብሎ የሚመጣ ሰው ግማሹ ቁልፉን ኪሱ ውስጥ ነው የሚያገኘው።»

«ሂድ ወደ ሥራህ! ደንበኛ ቆሞልሃል» አለችው እህት፤ ሳቋ ግን አምልጧት ነበር።

ሳቋ ጠጋኙን አረጋጋው። ላፕቶፑን አጥፍቶ እንደገና አበራውና የትኛውም ሲስተም ከመነሳቱ በፊት የሚገባበትን የማሽኑን የራሱን ማስተካከያ ከፈተ። ጥቁር ገጽ ላይ በነጭ የተጻፈ ዝርዝር ወጣ። በጣቱ እየተከተለ ወረደ። የዲስኩ ስም ከነመጠኑ እዚያ ተቀምጧል።

«አለ» አለ። «ማሽኑ ያየዋል።»

«ታዲያ ያኛው ዓይኑን ምን ጋረደው?»

ጠጋኙ አንድ መስመር ዝቅ ብሎ አሳያት። «ይሄውልሽ። ፋብሪካው በዲስኩና በሲስተሙ መካከል አስተርጓሚ አቁሟል። የድሮው ሲስተም ከአስተርጓሚው ጋር ይተዋወቃል። አዲሱ ግን አያውቀውም። ስለዚህ ከበስተጀርባ ያለውን ዲስክ የለም ብሎ ያልፈዋል።»

«አስተርጓሚውን አባረዋ!»

«ቆይ ቆይ! አሁን ካባረርኩት የድሮው ሲስተም ግራ ይገባዋል፤ አልነሳም ይላል። መጀመሪያ ለእሱ መንገር አለብን።»

ስለዚህ በድሮው ሲስተም አስነሳው። ላፕቶፑ እንደ ልማዱ ተንፏቀቀ። ክቡ ምልክት ዞረ፣ ቆመ፣ እንደገና ዞረ። እህት እጇን አጣጥፋ «ዕድሜዬን ሙሉ ስረግመው ኖሬ፣ ዛሬ እንደ ሙሽራ ልጠብቀው?» አለች። በመጨረሻ ተነሳ። የፓተርኖቹ ፎልደር ተከፈተ፤ ሁሉም በየስማቸው ተደርድረዋል። ሹፌሩም አለ። እህት በረጅሙ ተነፈሰች፤ የወንድሟንም ጀርባ በመዳፏ መታ አደረገችው። ምቱ ምስጋናም ቁጣም ነበረበት።

ጠጋኙ ፋይሎቹን እንደገና ወደ ሌላ ባዶ ፍላሽ ገለበጠ። እያንዳንዱን ከፍላሹ ላይ ከፍቶ መኖሩን አየ። ከዚያ ከወጉ ወጣ፤ ፍላሹን ነቅሎ ለእህቱ ሰጣት።

«እኔ ጋ ይሁን?»

«አንቺ ጋ ይሁን። ከእኔ ዓይን ይራቅ።»

በልኬት ሜትሯ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ጠጋኙም የድሮውን ሲስተም በሴፍ ሞድ፣ ማለትም ለመነሳት የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ እንዲነሳ አዘዘው። በመካከሉ የማሽኑ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ አስተርጓሚውን አስወገደ። የድሮው ሲስተም ጥቂት አመነታ፣ ዲስኩን በቀጥታ አገኘው፣ ተነሳ። ቀጥሎ የአዲሱን ሲስተም ፍላሽ ሰካ።

በዚህ ጊዜም ዝርዝሩ ላይ አንድ ዲስክ ታየ። ጠጋኙ ስሙን ጮክ ብሎ አነበበ። መጠኑን አነበበ። ከመጫኛው ፍላሽ በቀር ላፕቶፑ ላይ የተሰካ ነገር አለመኖሩን በጣቱ እየዳሰሰ አረጋገጠ። ጣቱ «ሁሉንም አጥፍተህ ጫን» ላይ ደርሶ ቆመ።

«ምን ትጠብቃለህ?»

«ከፈለግሽ የድሮውን ጎን ለጎን ላቆየው እችላለሁ።»

«ሁለት ሰነፍ በአንድ ቤት? አልቀልብም።» እጁን በእጇ ገፋ አደረገችው። «ዞር በል። መቁረጥ የእኔ ሥራ ነው።»

ተጫነች። ሁለቱም መብራቱን ተመለከቱ። በዚህ ጊዜ ብልጭ ያለው የላፕቶፑ የራሱ መብራት ነበር።

ተጭኖ ሲያልቅ ላፕቶፑ ቶሎ ተነሳ፤ እህት ቦርሳዋን ከፍታ ፍላሹን እስክታወጣ እንኳ አልጠበቃትም። ጠጋኙ የፓተርን መሳያውን ፕሮግራም ሲጭንላት ፍላሹን ሰክታ የሹፌሩን ፓተርን ከፈተች። ግራው የትከሻ መስመር ከቀኙ ዝቅ ብሎ፣ እሷ እንዳወረደችው ወርዶ ወጣ። ሜትሯን አንስታ የላፕቶፑ መስታወት ላይ ለካችው፤ ከዚያ በስክሪን እንደማይለካ ትዝ ሲላት ራሷ ሳቀች።

«ይታያል» አለች።

ሹፌሩ የተመለሰ ዕለት ጠጋኙ እህቱ ቤት ነበር፤ ፕሪንተሯን ከአዲሱ ሲስተም ጋር ሊያስማማ ሄዶ። ሰውየው የመንገድ አቧራውን ሳያራግፍ ገባ። ኮቱን አለበሰችው። መስታወት ፊት ሲቆም ራሱን አላየም፤ ሁለት እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቶ መሪ እንደያዘ ሰው ወደ ግራ አጠፋ፣ ወደ ቀኝ አጠፋ። ትከሻው ላይ አንድም መጨማደድ አልታየም።

«ይሄን ለብሼ ድንበር መሻገር እችላለሁ» አለ።

«ለሠርግ ነው የሰፋሁት እንጂ ለጭነት አይደለም!»

ሹፌሩ አልሰማትም፤ ለልጁ ሊያሳያት ኮቱን እንደለበሰ ወጥቷል። እህት መቀሷን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። የግራው እጅጌ ጫፍ ላይ የሚነቀል ነጭ ክር ቀርቶ ነበር። ጠጋኙ ሊጠራው አፉን ሲከፍት «ተወው» አለችው፤ «ልጁ ትነቅልለታለች።»