«አቁሚ» ያልኳት ነርስ

ከአርጆ አስረው ነቀምቴ ሲያደርሱኝ ከፒካፑ ስወርድ ወድቄ ቅልጥሜ ተተረተረ። ያስገቡኝ ክፍል ጠባብ ነው፤ ሃያ ሁለት ሆነን በጎናችን እንተኛለን። በአራተኛው ቀን ቁስሌ መሽተት ጀመረ። አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ ፊታቸውን ባያዞሩም እኔ አፈርኩ።

በማግስቱ አንድ ጠባቂ በካቴና አስሮ ጤና ጣቢያ ወሰደኝ። ነርሷ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ድምጿ ዝግ ያለ።

«ካቴናው ይፈታ» አለችው።

«እስረኛ እኮ ነው፣ ሲስተር።»

«እዚህ ታካሚ ነው። አንተ ከመጋረጃው ውጭ ጠብቅ።»

እያጉረመረመ ፈታኝ። እሷም ሥራዬ የተጻፈበትን የሕክምና ካርድ አየችና ወደ እኔ ዞረች። «ባርሲሳ» አለችኝ፤ በኦሮምኛ መምህር ማለቷ ነው። «ቁስሉን ላጥበው ነው፤ ያማል። ሲበዛብዎት አቁሚ ይበሉኝ።»

ከተያዝኩ ጀምሮ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። ሁለቴ አቁሚ አልኳት። ሁለቴም አቆመች።

ይህን ሳይ ደፈርኩና በሹክሹክታ፣ «ባለቤቴ ያለሁበትን አታውቅም። ስልኳን ልስጥሽ?» አልኳት።

ቁስሌን በፋሻ ጠቅልላ ጨረሰች። «አልችልም፣ ባርሲሳ። እሺ ብዬም አልዋሽዎትም። ቁስሉ ሐሙስ እንዲታይ ካርዱ ላይ እጽፋለሁ። ሐሙስ እዚሁ ነኝ።»

ተቀየምኳት። ሐሙስ ስሄድ ግን ጓንቷን አድርጋ ጠበቀችኝ። ከዚያም በኋላ ለሦስት ሳምንት አንድም ቀጠሮ አላጓደለችም። ለምን እንደታሰርኩ ጠይቃኝ አታውቅም፤ እንቅልፍ ይወስደኝ እንደሆነ ግን ሁልጊዜ ትጠይቀኝ ነበር። ቂሜ መቼ እንደለቀቀኝ አላውቅም።

ቁስሉ የደረቀ ቀን ጠባቂው «በል ተነስ» አለኝ። አልቸኮልኩም። የሸሚዜን ቁልፎች እስከ አንገቴ ቆለፍኩ፤ ቀጥ ብዬ ቆሜ እጄን ዘረጋሁላት።

«ጋላቶሚ፣ ሲስተር። አመሰግናለሁ።»

በሁለት እጇ ጨበጠችኝ። ከዚያ ዞሬ እጆቼን ለካቴናው ሰጠሁ።

ከወራት በኋላ ያለ ክስ ተፈታሁ። አሁን አርጆ ተመልሼ አስተምራለሁ። በቀደም ከባለቤቴ ጋር ነቀምቴ ገበያ ስንሄድ ነርሷን አየኋት። አይታኝ ባለችበት ቆመች፤ ያኔን ማንሳት ባልፈልግ ብላ ሰላም ማለቱን ለእኔ ትታው ነው። ሄጄ ሰላም አልኳት።

«ማን ናት?» አለች ባለቤቴ።

«ያኔ ያከመችኝ ናት።»

ባለቤቴ አቅፋ ሳመቻት።

ስለ እስሩ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ክፉውን ነው። እኔ ግን አስቀድማ ትዝ የምትለኝ እሷ ናት።