የአባቴ ማራገቢያ

ቁም ሳጥኔ ላይ ከዋንዛ የተጠረበ የማራገቢያ ክንፍ አለ። ትናንት መብራት ጠፍቶ ሻማ ስፈልግ እጄ ነካው። ዛሬም ግራሶ ግራሶ ይሸተኛል፤ ወይ ደግሞ አፍንጫዬ ነው የሚዋሸኝ።

የሠራው አባቴ ነው፤ በደርግ ጊዜ፣ ቦሌ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ ስንኖር። ያኔ ጎሮ የጤፍ ማሳ ስለነበር ነፋሱን የሚከለክለው ነገር አልነበረም። አባቴ የጋራዥ ሠራተኛ ነበርና ከአሮጌ ቮልስ ዲናሞ ፈታ፤ ሦስት ክንፍ ጠርቦ ገጠመበትና በባሕር ዛፍ አጣና ጣሪያችን ላይ አቆመው። ነፋስ በነፈሰ ቁጥር ሲጢጥ ሲጢጥ እያለ የመኪና ባትሪ ይሞላል። የቀበሌው ሊቀ መንበር መጥተው፣ “ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?” አሉት።

“ጓድ ሊቀ መንበር፣ መብራት ሲጠፋ በኩራዝ ከምንጨናበስ ብዬ ነው።”

“እንግዲያ ለእኛም ቤት አንድ ትከልልን!” ብለው ስቀው ሄዱ።

እውነቱ ግን ለሬዲዮ ነበር። ታላቅ ወንድሜን ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውት፣ ከሰሜን ግንባር ይልከው የነበረው ደብዳቤ ተቋርጧል። የአማፅያኑ ሬዲዮ ደግሞ ምሽት ላይ የተማረኩትን ወታደሮች ስም ከነአባታቸው ይጠራል። ያንን ሲያዳምጥ የተገኘ ወዮለት! መብራቱ የሚጠፋው ልክ በዚያ ሰዓት ነው፤ የባትሪ ድንጋይም ከሱቅ ጠፍቷል። እናቴ፣ “ልጄ ተጠርቶ ቢያመልጠኝስ?” እያለች እህል አልወርድ አላት። አባቴ ጣሪያ ላይ የወጣው ለዚህ ነው።

በጋውን ሙሉ አዳመጥን። ሬዲዮኑ ላይ ብርድ ልብስ ጣል እናደርግና ሦስታችንም ጭንቅላታችንን ከሥሩ እናስገባለን። የስንቱ ልጅ ተጠራ፤ የእኛ የለም። እናቴ የሰው ልጅ በተጠራ ቁጥር፣ “እሰይ! እናቱ ትስማ” ትል ነበር።

ክረምት ገባና ነፋሱ ጠፋ። ባትሪውም ደከመ። አንድ ምሽት እንደልማዱ መብራት ሄደ፤ ሬዲዮኑ እየሰለለ ስም ይጠራል። የወንድሜን ስም ጠራ። እናቴ ክንዴን ጨመደደችው። የአባቱን ስም ልንሰማ ስንል ድምፁ ጥፍት አለ።

አባቴ ሽቦውን ቢነካካ፣ ቁልፉን ቢያዞር፣ ወይ ፍንክች! “በዚህ ስም ስንት ሰው አለ” አለ። እዚያው ብርድ ልብሱ ሥር እንዳለን እናቴ የወንድሜን ስም ጠራች፤ አስከትላም የአባቴን። ከሠርጓቸው ጀምሮ ባሏን በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ “እርስዎ” ነበር የምትለው።

“እሱ ነው” አለች። “እንዲህ ሊል ነበር።”

ደርግ ወደቀ፤ የሰፈራችን ምርኮኞች አንድ በአንድ ተመለሱ። ወንድሜ አልመጣም። ጠበቅነው፣ ጠበቅነው፣ አልመጣም።

አባቴ ካረጀ በኋላም ክረምት ገብቶ ነፋሱ ቀጥ ሲል መሰላል አስደግፎ ይወጣና ክንፉን በእጁ ያዞረው ነበር። እናቴ ከታች መሰላሉን ይዛ፣ “ይውረዱ እንጂ፣ ይወድቃሉ!” ትለዋለች። “እኔ እኮ ስሙን ከነአባቱ ሰምቼዋለሁ።”