የኦቦ ሞሲሳ ሰላምታ

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ቸሩ ደወሉ። ጋሽ ቸሩ የብሩክሊን ሴንተር የስደተኞች ዕድር ሰብሳቢ ናቸው፤ "ደህና ዋላችሁ?" የሚለውን ከሁለት ጊዜ በላይ ከደጋገሙት ሰው ሞቷል ማለት ነው። ኢብሲቱ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስታጥፍ ውላ ቤት ብትገባም ገና ጫማዋን አላወለቀችም። ሰላምታውን ብትቆጥር አራት ጊዜ ደረሰ።

"ማነው?" አለቻቸው።

"አይዞሽ እህቴ። የዲንሳ ወንድም ጅሬኛ ነው። ትናንት ነቀምቴ ላይ አርፏል። ባልሽ እንዳይሰማ አደራ! እሑድ ሁሉም ኦፍ ስለሆነ ሽማግሌዎቹን ይዤ ንጋት ላይ እመጣለሁ። እስከዚያ ኖርማል ሁኚ።"

"ኖርማል?"

"ኖርማል" አሉና ዘጉ።

ኢብሲቱ ስልኩን ሶፋው ላይ ወረወረችው። ሆድ ይፍጀው ተብሎ የሚታደል ሥራ ሁሉ ለምን እሷኑ እየፈለገ እንደሚመጣ ሊገባት አልቻለም። ይህችን ሥራ ደግሞ ድሮ አራት ዓመት ሙሉ ሠርታታለች፤ ያለ ዕረፍት፣ ያለ ኦቨርታይም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በደርግ ጊዜ ዲንሳ ቀበሌ ስብሰባ ላይ አንድ ጥያቄ ጠየቀ። ጥያቄውን ዛሬ እሱ ራሱ እንኳ በደንብ አያስታውሰውም። ፀረ አብዮት ተባለና በሥራ እንዲታረም ቆላ ወዳለ የእስረኞች የጥጥ እርሻ ተላከ። ሰባት ዓመት ጥጥ ለቀመ። ኢብሲቱ ልጇን ፋዮን አዝላ በየወሩ ትጠይቀው ነበር፤ ሁለት ቀን በአውቶቡስና በጭነት መኪና ተጉዛ፣ በሽቦ አጥር ማዶ ለማዶ ለአምስት ደቂቃ። ወታደሩ አጠገባቸው ቆሞ ያዳምጣል።

በሦስተኛው ዓመት የዲንሳ አባት ኦቦ ሞሲሳ ሞቱ። ለእስረኛ ግን መርዶ አይነገርም። ይህን ማን እንደደነገገው አይታወቅም፤ ከጭነት መኪናው የሚወርዱት ሴቶች ሁሉ ግን ያውቁታል። ሐዘን ያለባት ግራር ሥር ሄዳ ጥቁሯን ታወልቅና ቀለም ያለው ቀሚስ ትለብሳለች፤ የሌላት ትዋሳለች። አንዷ ሌላዋን "እስቲ ሳቂ" ብላ ትፈትናለች። ሰው ቀብሮ ሳቅ የሚለማመድ ሕዝብ የት አለ!

"አባባ እንዴት ናቸው?" ይላል ዲንሳ።

"ደህና ናቸው፤ ሰላም ብለውሃል።"

በሰላምታ ቢያበቃ ደግ ነበር። ዲንሳ ግን መልስ ይልካል። "ቀዩን በሬ እንዳይሸጡት በያቸው።" በወሩ ደግሞ "በሬውን ሸጡት እንዴ?" ይላታል። ምን ታድርግ? "አልሸጡትም፤ ጉልበታቸውን ግን አሟቸዋል" ትለዋለች። እንዲህ እያለች አንድ የሞተ ሰው ስታሳምምና ስታድን አራት ዓመት አለፈ።

ሲፈታ ሽማግሌዎች አረዱት። ዲንሳ አላለቀሰም። አንገቱን ደፍቶ ዝም አለ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ የአባቱን ስም ጠርቶ አያውቅም። ኢብሲቱ ያን ዝምታ ቂም ነው ብላ ያዘችው። በሽቦው ማዶ ስለዋሸችው ይቅር እንዳላላት እያሰበች ሃያ ዓመት አብራው ኖረች። አሁን ደግሞ በወንድሙ ድገሚው አሏት።

ኮሎምቢያ ሃይትስ ለምትኖረው ለፋዮ ደውላ ብሶቷን ዘረገፈች። "ማም፣ ጀስት ቴል ሂም" አለቻት ልጅቷ፤ በቃ ንገሪው ማለቷ ነው። ቀላል ነገር! አፍ ያለው ሁሉ ይመክራል።

ዓርብ ማታ ዲንሳ ራቱን እየበላ ድንገት "ጅሬኛ ድምፁ ጠፋ" አለ። ኢብሲቱ እውነቱን ልታወጣ አፏን ከፈተች። አፏ ግን የለመደውን ተናገረ።

"ደውሎ ነበር፤ ሰላም ብሎሃል።"

ተናዳ ምላሷን ልትነክሰው ምንም አልቀራት። ቅዳሜን ሙሉ ሳህን ስታጋጭ ዋለች።

እሑድ ገና ሳይነጋ ተነሥታ ሳሎን ስትወጣ ዲንሳ ካፖርቱን ለብሶ ተቀምጧል።

"ጅሬኛ መልሶ ሲደውል" አላት፣ "ጣራውን ከክረምት በፊት ይጠግን በይልኝ።"

አሁንስ በቃ። "ሞቷል!" አለችው ጮኻ። "ጅሬኛ ሞቷል! ለሞተ ሰው መልእክት ማድረስ ሰልችቶኛል!"

"አውቃለሁ" አለ ዲንሳ።

"ምኑን ነው የምታውቀው?"

"ሐሙስ ዕለት ጋሽ ቸሩ የምሠራበት ፓርኪንግ ድረስ መጥተው አቅፈውኝ ሄዱ። ሰውዬው ሰው አቅፈው ያውቃሉ? ነቀምቴ ደወልኩ። አንቺ እስክትነግሪኝ ነው የጠበቅኩት።" ቀና ብሎ አያትና "የአባባንም አውቅ ነበር" አለ። "በዚያው ወር ከአገራችን የመጣ እስረኛ ነግሮኛል።"

ኢብሲቱ ወገቧን ያዘች። "በሬውስ? አራት ዓመት በሬ፣ በሬ ስትለኝ!"

"አምስት ደቂቃ እኮ ነበር የሚሰጡን፣ የፋዮ እናት። ሰምቻለሁ ብልሽ ታለቅሻለሽ፤ ወታደሩ ይጎትትሻል፤ በወሩ እንዳትመጪ ይከለክሉሻል። ደግሞ ጉልበታቸውን አሟቸዋል ስትዪኝ ያሉ ይመስለኝ ነበር።"

"ሲያረዱህስ ለምን አላለቀስክም?"

"ጥጡ መሃል አልቅሼ ጨርሼ ነበር። በፊትሽ ባለቅስ ደግሞ፣ ዋሽተሽኛል ብዬ የወቀስኩሽ ይመስልሻል ብዬ ፈራሁ።"

"አንተ ሰውዬ!" አለችና በሁለት እጇ ትከሻውን ትደበድበው ጀመር። "ሃያ ዓመት! ሃያ ዓመት እኮ ቂም መስሎኝ!" እየደበደበችው እንባዋ መጣ። ለኦቦ ሞሲሳ በወጉ አልቅሳ አታውቅም፤ በየወሩ ልብስ ስትቀይር ጊዜ አላገኘችም። ዲንሳም እጇን ይዞ አብሯት ተንሰቀሰቀ።

በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ቸሩ ሦስት ሽማግሌዎች አስከትለው፣ በረዶውን ከጫማቸው እያራገፉ፣ አንገታቸውን ደፍተው ገቡ። ሁለቱ ተቃቅፈው ሲያለቅሱ ሲያዩ ቀና አሉ።

"ምን ጉድ ነው? እኛ ሳንመጣ ጅሬኛን ማን አረዳችሁ?"

ኢብሲቱ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገች።

"ይቀመጡ፣ ጋሽ ቸሩ" አለቻቸው። "ገና አባቱ ጋ ነን። ጅሬኛ ጋ አልደረስንም።"