የአያ ይመር ባለ ጭራ ምርኩዝ

ሥራ የጀመርኩ ቀን መቋሚያ ሠሪው ጌታዬ ጋሽ ሞገስ መጥረቢያም መሮም አልሰጡኝም። ተሠርቶ ያለቀ መቋሚያ አቀበሉኝና «ቁምበት» አሉኝ። ደርግ በወደቀ ማግሥት ጠመንጃዬን አስረክቤ ወደ ላሊበላ የተመለስኩ የተሸነፈ ጦር ወታደር ነበርኩ። መቆም አያቅተኝም ብዬ ነበር። ካህናት በማኅሌት እንደሚቆሙት የመቋሚያውን ራስ ከብብቴ ሥር አድርጌ፣ መንገደኛው እየሳቀብኝ፣ ከጧት እስከ ማታ ደጁ ላይ ተገተርኩ።

ሲመሽ «የት አመመህ?» አሉኝ። ብብቴንና መዳፌን አሳየኋቸው። «በል፣ ነገ ሞረድህ የሚያልፈው እንጨቱ እዚያ በሚነካህ ቦታ ላይ ነው» ብለው በሩን ዘጉ። የተማርኩት ትምህርት ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት አንዱ ካንዱ አይለይብኝም። ወይራ እቆርጣለሁ፣ ጥላ ውስጥ አደርቃለሁ፣ እሳት እያሞቅኩ አቀናለሁ፣ እሞርዳለሁ፣ ቅቤ እቀባለሁ። ጊዜ ሲተርፈኝ ለቱሪስት ትንንሽ መስቀል እቀርጻለሁ። ወገቤ የተበላሸው እዚያ በርጩማ ላይ ነው። የጋሽ ሞገስ እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ደግሞ ሥራው ሁሉ እኔ ላይ ወደቀ።

አያ ይመር የመጡት ያኔ ነው። አዝማሪ ናቸው፤ በላስታ ያልዘፈኑበት ሰርግ የለም። ዳሌያቸው ከታመመ ወዲህ በአንድ እጃቸው ዱላ፣ በአንድ እጃቸው ማሲንቆ ይዘው ይሄዱ ነበር። አንድ ቀን ቁልቁለት ላይ አዳልጧቸው የሚጨብጡበት እጅ አጡና ወደቁ። ማሲንቆው ተሰበረ።

«ማሲንቆና ዱላውን አንድ አርግልኝ» አሉኝ።

«አያ ይመር፣ ማሲንቆ ባዶ ሆድ ይወዳል፣ ዱላ ድፍን መሆን አለበት። እንዴት ላስታርቃቸው? ይልቅ ማሲንቆውን ሰው ይሸከምልዎት።»

«አዝማሪ ማሲንቆውን አሸክሞ ሰርግ ሲገባ አይተህ ታውቃለህ?» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ የሺ በጥር መጨረሻ ትዳራለች። መኪናው ኩልመስክ ያደርሰኛል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው አቀበት የእግር ነው። በሰው ልጅ ሰርግ ስዘፍን ኖሬ በልጄ ሰርግ ቴፕ ይዝፈን?»

ወፍራም የዋንዛ እንጨት መርጬ ላይኛውን ክፍል በመሮ ፈለፈልኩት፤ አፉ ላይ የፍየል ቆዳ ወጠርኩ፤ የማሲንቆውን ክር፣ የፈረስ ጭራውን፣ ከመቃኛው ችንካር አስሬ ቆዳው ላይ አሳለፍኩት። ደጋኑን ከጎኑ በጠፍር አሰርኩለት። መያዣው ሲቀረኝ እጄ የሚያውቀው አንድ ዓይነት ራስ ብቻ ነውና የመቋሚያ ራስ አደረግኩለት። አምሮ ነበር። እንደ ልማዴ ቀኑን ሙሉ ቆምኩበትና ሰጠኋቸው።

ለሙከራ ገነተ ማርያም አካባቢ ወዳለ ሰርግ ይዘውት ሄዱ። ዳሱ ውስጥ ተቀምጠው ደጋኑን ሲያነሱ የሙሽራው የነፍስ አባት አዩት። «ይመር፣ ማኅሌት በሚቆምበት እንጨት ልትዘፍን ነው?» አሏቸው። አያ ይመር ሳይዘፍኑ በልተው ወጡ።

በማግሥቱ ይህን ነገሩኝ፤ አልተቆጡኝም። ከቁጣ የባሰውን ነው ያደረጉት። ምርኩዙን ደጃችን ላይ አቁመው፣ የሰውን ግድግዳ እየተደገፉ ወደ ቤታቸው ሄዱ። አፈርኩ።

መጋዝ አንስቼ የምርኩዙን ራስ ልቆርጥ ስል ጋሽ ሞገስ ከጥግ ሆነው አስቆሙኝ።

«ቆዳውን እየው መጀመሪያ» አሉ። ቆዳው መሃሉ ላይ ጎድጉዶ ረግቧል።

«መዳፋቸው ያረፈበት ነው» አልኩ።

«አልቆምክበትም?»

«ቀኑን ሙሉ ቆሜበታለሁ።»

«ይመር ይቆማል እንዴ?»

በማግሥቱ ምርኩዙን ይዤ እንደ አያ ይመር እያነከስኩ የአሸተንን አቀበት ወጣሁ ወረድኩ። ቁልቁለት ላይ እጄ የምርኩዙን ራስ ይይዛል። ዳገት ላይ ግን ሳላስበው ወደ ታች ይንሸራተትና ቆዳው ላይ ያርፋል። መቋሚያ የያዘ ሰው እጁን አያወርድም፤ ባለበት ነው የሚቆመው። ይህን ሁሉ ዓመት የሠራሁት ለቆመ ሰው ነበር።

ጥር እየገፋ ነበር። ሌላ እንጨት አነሳሁ። ፍልፍሉን እጅ ከማይደርስበት ከታች አደረግኩት፤ እንጨቱ እንዳይሰበር ደግሞ አጠበብኩት። ጭራው ሲሄዱ የሚፈታ፣ ሲደርሱ የሚወጠር ሆነ። ራሱን እንደ ገበሬ ዱላ ድቡልቡል አደረግኩት።

አያ ይመር በርጩማዬ ላይ ተቀምጠው ሞከሩት።

«ድምፁ ቀንሷል» አሉ።

«ሆዱ ስለጠበበ ነው፣ አያ ይመር። ከዚህ በላይ ባሰፋው አይሸከምዎትም።»

«እኔም ቀንሻለሁ። እንስማማለን» ብለው ተነሱ።

ከሰርጉ ሲመለሱ መንገድ ላይ አገኘኋቸውና እንዴት እንደነበር ጠየቅኳቸው። «ደረስኩ» አሉኝ። መንገዳቸውንም ቀጠሉ። እኔም ሌላ ሥራ ነበረብኝ።

ጋሽ ሞገስም አያ ይመርም ካለፉ በኋላ አንዲት ሴት ምርኩዙን ይዛ መጣች። የአያ ይመር ልጅ የሺ ነበረች። ጫፉ በድንጋይ ስላለቀ እንድቀጥልላት ፈለገች፤ አሁን የምትመረኮዝበት አማቷ ናት። ቆዳው እንደተወጠረ ነው። ጭራው ግን የለም።

«አባትሽ አልተጫወቱበትም?» አልኳት።

«በኔ ሰርግ ተጫውቷል። ከዳሱ ዳር ያሉት አልሰማንም ብለዋል። እኔ አጠገቡ ነበርሁ፣ ሰምቻለሁ።»

«ከዚያስ በኋላ?»

«ጭራውን እዚያው ፈታውና ሰጠኝ። ‹የዘፈኑ ነገር ላንቺ ነበር፣ አልቋል› አለኝ። ልጆች ስወልድ ግን በዚሁ እየተመረኮዘ ያን አቀበት ይወጣልኝ ነበር። እስኪሞት ድረስ አልቀረም።»

እንጨቱን አገላብጬ አየሁት። ከራሱ ዝቅ ብሎ፣ የዳገት እጅ በሚያርፍበት ቦታ፣ በመዳፍ ብዛት ሰርጉዷል። ያንን አልነካሁትም። ከታች ወይራ ቀጥዬ ሰጠኋት።

አሁን ወገቤ በርጩማ ላይ አያስቀምጠኝም። ሥራውን ለያዙት የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፤ ዱላውን ለባለቤቱ ከመስጠታችሁ በፊት እሱ የሚወጣውን ዳገት ውጡበት።