የእንግዳ ወንበር

በዚህ የማላዊ መንደር ለቅሶ በተቀመጡ ቁጥር ለሚሲዮናዊቷ አንድ ወንበር ይወጣላታል። ከማንጎው ሥር፣ ከወንዶቹ አጠገብ የምታኖርላት የመንደሩ ሴት ናፊሪ ናት። «ይቀመጡ እናታችን፣ አፈር እንዳይነካዎ» ትላታለች፤ ሴትዮዋም አመስግና ትቀመጣለች። በፈቃደኝነት መጥታ ሕፃናት መመዘን ከጀመረች ሦስተኛ ክረምቷ ነው። ቀሚሷን ፀሐይ በልቶታል፤ ክንዷ ላይ የሚዟዟረው ሰፊ ሰዓት የወንድ ነው። እንዴት ነዎት ሲሏት መልሷ ሁልጊዜ «ደህና ነኝ» ነው።

ባለፈው ሳምንት ሴትዮዋ ስልክ ደውላ ኔትወርክ ከሚገኝበት ኮረብታ ስትወርድ ናፊሪ አይታታለች። ጉልበቷ አቧራ ለብሶ፣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። ያን ዕለትም «ደህና ነኝ» አለች። ሰው በሁለት ቃል ውስጥ ይህን ያህል መደበቅ መቻሉ ይገርማል።

ዛሬ የአንዲት ዓሣ ነጋዴ እናት ሞታ ሴቶቹ ቤት ውስጥ፣ ሰሌን ላይ እግራቸውን ዘርግተው ያለቅሳሉ። ወንበር ላይ ሆኖ አይለቀስም። ሴትዮዋ ወንበሯን ትታ፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«ኧረ መልሷት፣ ቁንጫ ይበላታል!» አለች አንዷ።

ናፊሪ ግን ጠጋ አለች። «ነይ ግቢ አንቺ! በሩ ላይ ቆመሽ አታጨልሚብን።»

ገብታ ጉልበቷን አቅፋ ተቀመጠች። ናፊሪ ጉልበቷን መታ አደረገችላት። «ዘርጊው እንጂ! እንግዳ ነሽ እንዴ?»

ሴትዮዋ እግሯን ዘረጋች። ሰዓቱን በሌላው እጇ ሸፍና፣ ከሟቿ ልጆች ሁሉ በላይ አለቀሰች። ለማን እንደሆነ ናፊሪ አልጠየቀቻትም። ውጭ፣ ባዶው ወንበር ላይ ዶሮ ወጥታለች።